ክዳን ያለው ቅርጫት

ጎንደር ውስጥ አንድ የመንግሥት ወረቀት ጠፋ ከተባለ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበርኩ፣ ወይ ወረቀቱ መጀመሪያውኑ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ እንዳይመስላችሁ። ለጉራስ ቢሆን ምን አለበት? ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው ትንሽ ካልጎረረ ምን ተረፈው? እድገቱ የሚደርሰው ለሌላው ክፍል ነው፤ ለእኛ የሚደርሰን አቧራው ነው።

የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም። ከፒያሳ ብዙ ያልራቀ፣ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ሕንጻ ውስጥ ነው ብል ይበቃል፤ እንዲህ ያለ ሕንጻ በከተማችን ሞልቷልና ማንም አይለየኝም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የተሳሳትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያቺን አንዷን ልነግራችሁ ነው የተነሣሁት። የሌላው ሰው ስሕተት እዚያው ቢሮው ውስጥ ተወስኖ ይቀራል፤ የእኔዋ ግን ስድስት መሥሪያ ቤት አዳረሰች። በዚያ ላይ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶባት ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ አስቀድማችሁ ቅርጫቶቻችንን ማወቅ አለባችሁ። በመዝገብ ቤታችን ጥግ አራት ትልልቅ የቀርከሃ ቅርጫቶች ተደርድረዋል። አንዱ ቅርጫት አንድ ሙሉ ሰው ይይዛል። ይህን የማውቀው ለክቼ አይደለም፤ አንድ ቀን ቁጥጥር መጣ ሲባል አንድ ባልደረባዬ ገብቶበት ስላየሁ ነው። ጉዳዩ ያለቀለት ማኅደር ሁሉ በሲባጎ ታስሮ እነዚያ ቅርጫቶች ውስጥ ይገባል። ሥራውን ያስተማሩኝ አቶ ወርቁ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ያስተማሩኝ ሁሉ ቢጨመቅ አንዲት ነገር ይወጣዋል፤ በእጅ ያለ ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ፣ ያለቀ ጉዳይ ቅርጫት ውስጥ። ቅርጫት የገባ ወረቀት አይጣልም፣ አይቃጠልም፣ ለቆሎ መጠቅለያ አይሄድም። አይጥ ሊበላው ይችላል፤ ስለ አይጥ መመሪያው የሚለው ነገር የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታዲያ መሥሪያ ቤታችን ኢሜይል ገባ። ከዚያ በፊት ኃላፊ ሁሉ በግል አድራሻው ነበር የሚጻጻፈው፤ ሰውየው ሲዛወር ደብዳቤውም አብሮት ይዛወራል። የቀድሞው ኃላፊያችን ይህ አይሆንም አሉ። የመንግሥት ቃል በሰው ኪስ መዞር የለበትም፣ አንድ የመሥሪያ ቤት አድራሻ ይከፈት፣ ቁልፉም መዝገብ ቤት ይቀመጥ ብለው አዘዙ። ቁልፍ የተባለው የይለፍ ቃሉ ነው። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ቃሉን በወረቀት ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ፣ ክብ ማኅተም አሳርፌበት ካዝና ውስጥ ቆለፍኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ኢሜይሉን መክፈት የቻለ ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ። በአራተኛው ቀን ፖስታው በቃለ ጉባኤ ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሰመረልኝ። የመጣውን በገቢ መዝገብ፣ የወጣውን በወጪ መዝገብ ቁጥር እየሰጠሁ፣ ለማን እንደተላከና ግልባጭ ለማን እንደሆነ በእጄ እየጻፍኩ አስኬደው ጀመር። አንድ ቀን እንዲሁ ኮምፒውተሩን ስመለከት ዓይኔ አንዲት ትንሽ ሥዕል ላይ አረፈ። ቅርጫት ናት። ደግሞም ክዳን አላት። የእኛዎቹ ክዳን የላቸውም። «አይጡን አስበውበታል» አልኩ በልቤ። ይህን ነገር የሠራው ሰው፣ አገሩ የትም ይሁን የት፣ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ። እንዲያውም ትንሽ ናፈቀኝ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ የተላከውንና መልስ ያገኘውን ደብዳቤ ሁሉ፣ ከሥራ ከመውጣቴ በፊት እየለቀምኩ ወደዚያች ቅርጫት አስገባ ነበር። የሌላው ሰው ሳጥን በደብዳቤ ሲጨናነቅ የእኔ የታጠበ ሳህን ይመስላል። ቅርጫቷን ስከፍታት አናቷ ላይ በደቃቅ እንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ነበር። በደቃቅ የሚጻፍ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የማተሚያ ቤት ስም ስለሆነ አላነበብኩትም።

የቀድሞው ኃላፊ ይህን ንጽሕና አይተው ተደነቁና ሥልጠና ስጥ አሉኝ። ከሰባት መሥሪያ ቤቶችና ቀበሌዎች የመጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ለግማሽ ቀን ተሰበሰቡ። የታሸገ ውኃና ብስኩት ቀርቦላቸዋል። ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ሥዕሏን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ አሳይቼ፣ በእጅ ያለ ጉዳይ ሳጥን ውስጥ፣ ያለቀ ጉዳይ ቅርጫት ውስጥ እያልኩ አስተማርኩ። ሰው ሁሉ ይጽፋል። እንደዚያ ቀን ተሰምቼ አላውቅም፤ እቤቴም ጭምር።

ከኋላ አንዲት ሴት እጃቸውን አወጡ። ከኮሶዬ የመጡ የቀበሌ ጽሕፈት ሠራተኛ ናቸው፤ ማንጠግቦሽ ይባላሉ። በወፍራም ሹራብ ላይ ጋቢ ደርበዋል። ኮሶዬ ብርድ ነውና ሰዎቹ ጎንደር ሲወርዱም ሙቀቱን አያምኑትም።

«ይች ቅርጫት» አሉ፣ «ማነው እሚደፋት?»

ማንም አይደፋትም አልኩ።

«እኛ ቀበሌ እማ ክዳን ያላት ቅርጫት የጥራጊ ናት። እማይደፋ ጥራጊ ደሞ አላየሁም።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም በትዕግሥት፣ ለሕጻን እንደሚያስረዱት አድርጌ አስረዳኋቸው። አዳመጡኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ «እንጃ፣ እኔ የመንግሥትን ቃል ከጥራጊ አልከትም» ብለው ተቀመጡ። በዚህ ተናደድኩ። ሥልጠናው አልቆ የምስክር ወረቀት ሲታደል ለእሳቸው ከለከልኩ። በስም ዝርዝሩም ላይ ከስማቸው ትይዩ «ሥልጠናውን ያልተቀበሉ» የሚል ማስታወሻ አሰፈርኩ። በጥሩ እጅ ጽሕፈቴ ነው የጻፍኩት፤ ዛሬም ሳየው ያምራል።

ሁለት ዓመት በሰላም አለፈ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ይህን ያህል ደብዳቤ ስናወጣ፣ ያ የጻፋችሁት ነገር ከምን ደረሰ ብሎ አንዱን እንኳ መልሶ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጠያቂ ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ወር እነቃ ነበር። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማካፈል ነው፤ አልደብቃችሁም።

ዘንድሮ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አያ ደሴ መጡ። ከኮሶዬ ከፍ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጡ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። በትር ይዘዋል፣ ጭቃ የነካው ኮንጎ ጫማ ተጫምተዋል። መንገድ የሚሠራው ኮንትራክተር ከእነሱ ተረተር ላይ ገረጋንቲ፣ ማለትም ለመንገድ የሚደለደለውን ጠጠራማ አፈር፣ ሲያወጣ ከርሟል። አውጥቶ አውጥቶ የተረፈው ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ የልጆቹን የትምህርት ቤት መንገድ ግማሹን በልቶታል። አምና በክረምት ውኃ ሞላበትና የጎረቤት ጥጃ ሰጠመ። የአያ ደሴ የልጅ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ በዚያ ጥግ ነው የምታልፈው።

የቀድሞው ኃላፊያችን ይህን በዓይናቸው አይተው፣ ኮንትራክተሩ ማሽኑን ከማንሣቱ በፊት ጉድጓዱን እንዲደፍንና መንገዱን እንዲመልስ በኢሜይል ጽፈውለት ነበር። እሱም እሺ፣ እደፍናለሁ ብሎ መልሷል። ለአያ ደሴም ኃላፊው ራሳቸው፣ ተጽፏል፣ መልሱም መጥቷል፣ ጎንደር መዝገብ ቤት ተቀምጧል ብለዋቸዋል። ከዚያ ኃላፊው ተዛወሩ። አሁን ደግሞ ሥራው አልቆ ዓርብ ዶዘሩ ተጭኖ ሊሄድ ነው። የኮንትራክተሩን ሰዎች ቢጠይቁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አናውቅም፣ ካላችሁ አምጡ ተባሉ።

«ማኪናው አንዴ ከሄደ ያን ጉድጓድ በዶማ ልደፍነው ነው?» አሉኝ አያ ደሴ። «እኔ እስካሁን ዝም ያልሁት ቃሉ እናንተ ዘንድ አለ ብየ ነው። በል አውጣልኝ።»

ወንበር ሳብኩላቸው። ትክክለኛው ቦታ ነው የመጡት አልኳቸው። የወጪ መዝገቡን ዘርግቼ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩን፣ ጉዳዩን፣ የተቀባዩን ስም፣ የግልባጩን ዝርዝር በጣቴ አሳየኋቸው። ማንበብ ባይችሉም በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ ያችን ባለ ክዳን ቅርጫት ከፈትኳት።

ያለፈው ወር ደብዳቤዎች አሉ። ከዚያ በፊት ምንም የለም። ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት፣ አበራሁት። ወንበር ቀይሬ ሞከርኩ። በመጨረሻ ሄኖክ የሚባለውን የኮምፒውተር ባለሙያችንን ጠራሁ። እሱ የተቀጠረው ከሥልጠናው በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ። ጎንበስ ብሎ አየና ቀስ ብሎ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ምን ትፈልጋለህ አለኝ። ሠላሳ ቀን የሞላውን ራሱ እንደሚያጠፋ፣ ይህም አናቱ ላይ በደቃቁ እንደተጻፈ አነበበልኝ።

ራሱ ያጠፋል። ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ። እኛ ቤት አንድ የተሰበረ ወንበር ለማስወገድ አምስት ሰው ይፈርማል። ይኼ የሁለት ዓመት የመንግሥት ቃል ሲያጠፋ አንድም ሰው አላስፈረመም። ሊመለስ ይችል እንደሆነ ጠየቅኩት። ከጠፋ በኋላ አይመለስም አለኝ። አቶ ወርቁ ከመቃብራቸው ቀና ብለው ያዩኝ መሰለኝ።

ወደ አዲሱ ኃላፊ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚቸኩሉ ሰው ናቸው። በዚያ ሳምንት የመንገዱ ርክክብ ነበረባቸው፤ ቅሬታ ካለ ርክክቡ ይዘገያል። ከሰሙኝ በኋላ ፊታቸው ፈካ።

«ካልተገኘ የለም ማለት ነው» አሉ። «የለም ብለህ ጻፍላቸውና ይሂዱ። ላንተም ይሻልሃል።»

የለም ማለትና ጠፋ ማለት አንድ አይደለም፣ በወጪ መዝገቡ ላይ ተመዝግቧል አልኳቸው። መዝገቡን ማን ያየዋል አሉኝ። ይህ ቃል አመመኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የጻፍኩት መዝገብ ነው። የሚያበሳጨው ግን እውነታቸውን መሆኑ ነው። የለም ብዬ ብጽፍ አያ ደሴ ይሄዳሉ፣ እኔም እንደተከበርኩ እቀራለሁ፣ ስለ ቅርጫቷ የሚያውቅ ከሄኖክና ከኃላፊው በቀር ሰው የለም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ። «የተጠቀሰው ደብዳቤ በመሥሪያ ቤታችን የሌለ መሆኑን» እስከሚለው ደርሼ ነበር። አያ ደሴ ፊት ለፊቴ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው ተቀምጠዋል። ጣቴ ፊደሎቹን በመታ ቁጥር ደብዳቤያቸው እየወጣላቸው መስሏቸዋል።

«ወጣ?» አሉኝ።

አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። የጻፍኩትን አጠፋሁና፣ አያ ደሴ፣ ደብዳቤው ነበረ፣ የጣልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።

«ምነው ልጄ» አሉ፣ «ምን ከፋህና ጣልኸው?»

ምንም አልከፋኝም ነበር፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነው የጣልኩት። ይህን ለማስረዳት ግን ሥልጠና ያስፈልግ ነበርና ተውኩት። እንዲህ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ሳለ ድንገት ግልባጩ ትዝ አለኝ፤ መተማመኔም ባንድ ጊዜ ተመለሰ። እኔ እኮ ደብዳቤ ያለ ግልባጭ አላወጣም። እንኳን ለጉድጓድ፣ ለእንኳን አደረሳችሁ ካርድም ግልባጭ አደርጋለሁ። የወጪ መዝገቡን መልሼ ገለጥኩት፤ ሰባት ግልባጭ። የኮንትራክተሩም መልስ ለሁሉም በግልባጭ ደርሷቸዋል። ያ ደብዳቤ ከእኔ ቢጠፋም በሰባት ቤት ይኖራል ማለት ነው። ለኃላፊው እስከ ሐሙስ ስጡኝ አልኳቸው። የማይገኝ መስሏቸው ነው መሰል፣ ሰጡኝ።

ኮንትራክተሩን ራሱን ለምን አልጠየቅህም ትሉ ይሆናል። እሱማ ደብዳቤው አይጠፋውም፤ ግን ፈረሱን ልጓምህን ይዘህ ና እንደማለት ነው።

ረቡዕ ጠዋት አንደኛው መሥሪያ ቤት ገባሁ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ። የሰጠሁት የምስክር ወረቀት መስተዋት ገብቶለት ከራሱ በላይ ተሰቅሏል። የመጣሁበትን ስነግረው በኩራት ሳጥኑን ከፈተልኝ፤ ባዶ ነው፣ የታጠበ ሳህን። «እንዳስተማሩን ነው» አለኝ። ሁለተኛው መሥሪያ ቤትም እንዳስተማርኳቸው ነው። ሦስተኛዋ ከእኔም በልጣ ተገኘች፤ ቅርጫቷ ቶሎ እንዳትሞላ በየሳምንቱ ዓርብ በእጇ ባዶ ታደርጋታለች። ጎበዝ ተማሪ እንዲህ እንደሚያሳዝን አላውቅም ነበር።

ራቅ ወዳሉት ስልክ መታሁ። ሳንጃ ያለው አንዱ መሥሪያ ቤት፣ ሰሊጥ ሲደርስ ሥራ ስለሚበዛ ደብዳቤው ሳይነበብ በቀጥታ ቅርጫት እንዲገባ ማሽኑን አዝዘነዋል አለኝ፤ አዲስ አሠራር ነው ብሎ ሊያስጎበኘኝም ፈለገ። በዳባት በኩል ያለው እንደ ሌሎቹ ነው። ድብ ባሕር ያለችው ደግሞ በእኔ ማስታወሻ ለሌሎች ሦስት ሰዎች ሥልጠና ሰጥታ ነበር። ብስኩት እንዳላነሣቸው ነገረችኝ። ስድስቱም አመሰገኑኝ። ስልኩን አስቀምጬ ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያስተማርኩት ሁሉ ገብቷቸዋል፤ አንድ እንኳ ሰነፍ አልወጣም።

ሰባተኛው ግልባጭ ለማን እንደሆነ ገምታችኋል።

ሐሙስ ጠዋት ከአያ ደሴ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እሳቸው መስኮቱ ጋ ተቀምጠው የሰውን አዝመራ ያያሉ። እኔ ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነው፤ ይቅርታ የማይመስል ይቅርታ። ኮሶዬ ስንወርድ ጉም ነበር። የቀበሌው ቢሮ ውስጥ ያለችው አንዲት ኮምፒውተር ብርድ እንዳያገኛት ይመስል በእጅ የተሠራ የክር ዳንቴል ለብሳለች።

«አሰልጣኙ መጡ» አሉ ማንጠግቦሽ፤ ከወንበራቸውም አልተነሡ።

ያዘጋጀሁትን ንግግር ረሳሁትና ደብዳቤውን ቢሰጡኝ ብዬ ለመንኩ። ጥያቄ በቃል እንደማይቀበሉ ነገሩኝ። «ጥያቄ በጽሑፍ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እሷን ተቀብያለሁ» አሉ።

ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። ጻፍኩ። በመሥሪያ ቤታችን የነበረው ቅጂ ስላልተገኘ ብዬ ምክንያቱን አስቀመጥኩ። አነበቡትና መለሱልኝ። ያልተገኘ የሚባለው ፈልገው ያጡት ነው፣ ይኸ እንደሱ አይደለም አሉ። ሁለተኛ ጻፍኩ፤ በአሠራር ችግር ምክንያት ስለጠፋ አልኩ። አሁንም መለሱልኝ። «አሠራር እጅ የለውም» አሉኝ። ሦስተኛው ላይ፣ እኔ ራሴ ስለጣልኩት ብዬ ጻፍኩ። ያን የመሰለ እጅ ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት መሰለ። ተቀበሉት። ቀን ጻፉበት፣ ቁጥር ሰጡት፣ ገቢ የሚለውን ማኅተም አሳረፉበት።

ወደ ኮምፒውተሯ ሲዞሩ መብራት ጠፋ። ዶዘሩ ነገ ይጫናል። መብራት መቼ እንደሚመጣ ብጠይቅ እሱን እኔም አላውቅም አሉ። አያ ደሴ ደጁ ላይ ቆመው ጉሙን ያያሉ። እኔ ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ በኮሶዬ ብርድ ያላበ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም።

ማንጠግቦሽ ግን አልተጨነቁም። ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደው በሲባጎ የታሰረ ማኅደር አወጡ። አስፈላጊ ያሉትን ኢሜይል ሁሉ ጎንደር ሲወርዱ አሳትመው ያመጡታል። የኃላፊያችን ደብዳቤ፣ የኮንትራክተሩ እሺታ፣ የሰባቱ ግልባጭ ስም ዝርዝር፣ ሁሉም አለ። ማኅደሩ ላይ በትልቁ «ያላለቀ ጉዳይ» ተብሎ ተጽፏል።

ገረመኝ። ደብዳቤው ተልኳል፣ መልስ መጥቷል፣ በእኔ ቤት ጉዳዩ አልቋል። ይህንኑ ብነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ጉድጓዱ መች ተደፈነና ነው ጉዳዩ ያለቀው?» አሉ።

ሃያ ሁለት ዓመት ጉዳይ አለቀ ስል የኖርኩት ወረቀቱ ከጠረጴዛዬ ስለተነሣ ነበር። ወረቀቱ ከተነሣ በኋላ ሰው መንገዱን አግኝቶ እንደሆነ፣ ልጅ በደህና አልፎ እንደሆነ፣ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ያ ሁሉ ማኅደር በሲባጎ ስንት ጉድጓድ አስሮ ይሆን የተቀመጠው? ማንጠግቦሽ ፊቴን አይተው ድንች ቅቅል አስመጡልኝ። በአዋዜ በላሁ፤ አያ ደሴም በሉ።

ከሰዓት በኋላ ጎንደር ተመልሼ ወረቀቱን አዲሱ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አነበቡት። የግልባጩን ዝርዝር ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። ሰባት ቤት የሚያውቀውን ነገር የለም ማለት እንደማይቻል ገባቸው መሰለኝ፣ ብዙም አልተከራከሩም፤ ጉድጓዱ ሳይደፈን ርክክብ እንደማይኖር ጽፈው ፈረሙ። እውነቱን ለመናገር ሲፈርሙ ቀለል ያላቸው መሰሉኝ። ዓርብ ጠዋት ዶዘሩ ሎቤድ በሚሉት ዝቅ ያለ የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ነበር፤ መልሰው አወረዱት። አራት ቀን ሠራ። በአምስተኛው ቀን እዚያው ድረስ ወጣሁና አያ ደሴ የልጅ ልጃቸውን እጇን ይዘው በተደለደለው መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሷት አየሁ። እኔን ሲያዩ ቆሙ።

«ሸጋ ነው» አሉ፣ «ብቻ ካሁን ወዲያ አትጣል።»

አሁን የቀረው ተማሪዎቼ ናቸው። ማንጠግቦሽም ይህን ካልጨረሱ ጥያቄዎን አልዘጋም ብለውኛል። ስለዚህ በሕይወቴ ትልቁን ኢሜይል ጻፍኩ። ያስተማርኳችሁ ስሕተት ነው፤ ቅርጫቷ ማኅደር ቤት አይደለችም፣ ትደፋለች፤ ከዛሬ ጀምሮ አንድም ደብዳቤ እንዳይገባባት፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ተጠያቂውም እኔ ነኝ ብዬ በስሜ ፈረምኩ። ለስድስቱ ላክሁ፣ ለኮሶዬ ግልባጭ አደረግሁ። ከላክሁት በኋላ ቀለለኝ። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ፤ ጥፋቱን እንዲህ አሳምሮ የጻፈ ሰው በዞናችን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልምከርና ላበርታ ብዬ አንደኛው መሥሪያ ቤት ጎራ አልኩ። ልጁ እንደ ቀድሞው ተነሥቶ ተቀበለኝ። ኢሜይሌ ደርሷቸው እንደሆነ ጠየቅኩት። ደርሷል፣ ተነብቧል፣ ለሁሉም ሠራተኛ ተነግሯል፣ አልቋል አለኝ። የት እንዳስቀመጠው ብጠይቀው ፈገግ አለ። ሌሎቹም ጋ ደወልኩ። ስድስቱም አነበቡት፤ ስድስቱም ያለቀ ጉዳይ ነው ብለው ቅርጫት ውስጥ ከተቱት። አሁን እያንዳንዳቸው ጋ ራሴ እየሄድኩ፣ አጠገባቸው ቆሜ የተረፈውን ደብዳቤ ከቅርጫቷ እያወጣሁ ነው።

ያ የእምነት ቃሌ ሳይነካ ያለው ኮሶዬ ብቻ ነው። ወደ ደባርቅ መንገድ በወጣሁ ቁጥር ሚኒባሱ እዚያ ይቆማል፣ ማንጠግቦሽም ጠርተው ያስገቡኛል፤ መብራት ካለ ከኮምፒውተሯ፣ ከሌለ ከወረቀቱ ጮክ ብለው ያነቡልኛል። እኔ ያጠፋሁት የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ። ባለፈው ጊዜ አላስችል አለኝና፣ ይህ እንኳ ያለቀ ጉዳይ ነው አልኳቸው።

«አላለቀም» አሉ። «የምስክር ወረቀቴ መች መጣና?»

ትናንት ጽፌ ጨረስኩት። «ሥልጠናውን ያልተቀበሉ» የሚለውን ማስታወሻ ምክንያት አድርጌ ነው የሰጠኋቸው። ቁጥር ሰጥቼዋለሁ፣ ክብ ማኅተም አሳርፌበታለሁ፣ ኃላፊውም ፈርመዋል። ግልባጭ የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ግልባጩን አንድ ቦታ ላስቀምጥ ብል፣ እስካሁን ደብዳቤ ሳይጥል የሚያስቀምጥ ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም ዋናው ወረቀት የሚላክላቸው ራሳቸው ናቸው።